አንድ እጥፋት

ወር በገባ በአሥራ አምስተኛው ሌሊት፣
ዊኒፔግ ጣሪያዋ በበረዶ ጎብጦ፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
እኔ አንሶላ ሳጥፍ፣ ጫፉን ከጫፉ ሳገናኝ፣
ማንም ሳያየኝ፣
መቶ ሃምሳ ዶላር ከደሞዜ ተነሥቶ ይሄዳል።
አይሰናበትም። ስልኬ ብቻ በሽርጤ ኪስ አንዴ ይርዳል።

ወዴት? ለምትሉኝ፣ ለአምስት መቶ ድርጅት ነው፤
ለባንኩ፣ ለባቡሩ፣ ለመድኃኒት ቀማሚው፣
ስሙን ለማልጠራው፣ ደጁን ለማላውቀው፣
ለእያንዳንዱ ቁንጥር፣ ጨው ወጥ እንደሚነካው።
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይላሉ፤
እኔ አምስት መቶ ይዣለሁ፤ ከአንድ እርጥብ አንሶላ ይቀላሉ።

ይህን ያሳየችኝ ሎርና ናት፣ የማድረቂያው አለቃ፣
ሃያ ስድስት ክረምት የገፋች፣ ጎማው የሚያለቅስ ዕቃ።
«አትገምቺ» አለችኝ፣ «ዋጋው ስንት ደረሰ ብለሽ ከእንቅልፍሽ አትንቂ፤
ቀኑን ቆርጠሽ ስጪው። ከዚያ ሥራሽን ሥሪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ሳቂ።»

እኔ የማውቀው ዕቁብ ነበር፤ ዳኛ አለው፣ ዕጣ አለው፤
ላንቺ ባይደርስ፣ የደረሰውን ታዪዋለሽ፣ ሲስቅ ጥርሱ ስንት ነው።
ይሄኛው ግን ፊት የለውም፤
ብትከሺው አይቆምም፣ ብትለምኚው አይሰማም፣
ተራሽ ደረሰ ብሎ ደጅሽን አያንኳኳም።

በዚያ መጋቢት፣ ጭንብል እንኳ በቁጥር ሲሰጠን ጊዜ፣
ከያዝኩት ሲሶው ተነነ፤ ምድር ቤቱን ሞላው ትካዜ።
ደርበው ከወጥ ቤት «ሸጥኩ!» ብሎ መጣ እየሮጠ፣
«የቀረውን እንኳ ላትርፍ»፤ ፊቱ እንደ አመድ ተለወጠ።
እኔ ግን አልሸጥኩም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶኝ ነው፤
ሦስቴ ተሳሳትኩ፣ ዘጋብኝ። ያዳነኝ መርሳቴ ነው።

ሊፍቱ ሲወጣ ሲወርድ ያድራል፤
የቆሸሸው ይመጣል፣ የታጠበው ይሄዳል፤
አሥራ አምስት ሲደርስ መቶ ሃምሳው ያው ይነሣል።

አንድ ወር ግን አልሄደም። ይህን ልደብቅ አልችልም።
የካቲት፣ ፖርቴጅ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ደርቆ የቆመ ለት፣
ማሞቂያችን እምቢ አለ፤ ገንዘቡ ለጠጋኙ ሆነ፣ ለአንድ ሌሊት ሙቀት።
ገበያው የት ዋልሽ አላለኝም።

ከሁሉ ግን ያቺ ሐሙስ።
ጥሩነህ ከመጋዘኑ ተባረረ፤ አብረውት ሦስት መቶ ሰዎች።
ካርቶን ታቅፎ ገባ፤ ጓንት፣ ቴርሞስ፣ ሁለት እስክሪብቶዎች።
በዚያው ምሽት የድርጅቱ አክሲዮን ሽቅብ ወጣ፤
ወጪ ቀነሰ ተብሎ። ለእኛም የፀጉር ቅንጣት የምታህል ሳንቲም መጣ።
«እንግዲያ» አለኝ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጦ፣
«ያባረርሽኝ አንቺ ነሽ ማለት ነዋ!» ሳቀ፣ ከንፈሩ ግን ተንቀጥቅጦ።
እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፤
ለዓይኔ ሰበብ ፈለግሁ፣ አገኘሁ፣ አመሰገንኩ።

አሁንም ይሄዳል። ለዚያም ድርጅት ጭምር።
መልስ የለኝም።

ልጄ ኤልዳና ትጠይቃለች፣ «መቼ ነው የምንከብረው?»
እንጃ። ሃያ ዓመት ይሆን? ላይሆንም ይችላል፤ ቃል የገባልኝ ማን ነው?
እኔ የማውቀው፣ አንድ አንሶላ ሲታጠፍ ቀጭን እንደሆነ፣
ጎህ ሲቀድ ግን ክምሩ ከቁመቴ እንደላቀ፣ እንደገነነ።
ከዚያ ጋሪው ይመጣል፤ ክምሩን ወስዶ በየአልጋው ይበትናል፤
እጄም ወደሚቀጥለው፣ ጫፉን ከጫፉ፣ ይዘረጋል።
ስልኩ በኪሴ ይርዳል።